ስለ ጦርነት የልጆች ልብወለድ እየጻፍኩ ነው፤ አባትየው ይመለስ ወይስ አይመለስ?

የሆጤዋ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ፤ አራተኛና አምስተኛ ክፍል ነው የምይዘው። ለልጆቹ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ የማነብላቸው ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1928 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ ላይ ነው፣ ጣልያን ከተማዋን በአውሮፕላን ከመደብደቡ ጥቂት ቀደም ብሎ። ባለታሪኳ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ክተት ሲታወጅ አባቷ ይዘምታል። እናቷ ሦስት ልጆችና አንዲት አሮጊት አማት ይዛ ቤት ትቀራለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ የምናየው ከዚያ ቤት ሆነን ነው። ጦር ሜዳ አንሄድም። ልጅቷ ያላየችውን አንባቢም አያይም።

ለምን 1928ን መረጥሽ የሚል ሰው ይኖራል። የማስተምራቸው ልጆች የ2014ቱን ጦርነት ገና በጨቅላነታቸው ያዩ ናቸው። አንዳንዱ ያን ጊዜ እዚሁ ደሴ ነበር፣ አንዳንዱ ከቤተሰቡ ጋር ደብረ ብርሃን ተሰዶ ነበር፣ አንዳንዱ ደግሞ ከቆቦና ከወልዲያ ተፈናቅሎ መጥቶ ትምህርት ቤት ውስጥ ያደረ ነው። ስለዚያ ጊዜ ጻፉ ስትሏቸው ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይ ትልልቅ ሰው ሲያወራ የሰሙትን ይደግማሉ። የራሳቸውን አይነግሯችሁም። የ1928ቱን ምዕራፍ ሳነብላቸው ግን፣ እናትየው የቀረውን ዱቄት በጣሳ እየሰፈረች የምትቆጥርበት ቦታ ላይ ስደርስ፣ አንዷ ልጅ እጇን አወጣችና «እኛም ቤት መብራት ጠፍቶ ወፍጮ ቤቱ ተዘግቶ ንፍሮ ብቻ ነበር የምንበላው» አለች። ከዚያ ሌላው ቀጠለ፣ ከዚያ ሌላው። ደወሉ ተደውሎ እንኳ የሚወጣ ጠፋ።

አሁን የቸገረኝ የአባትየው ነገር ነው። ማይጨው ዘምቷል። በእኔ ሐሳብ አይመለስም። ግን መርዶውን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዴት ነው የምጽፈው? የሚሰሙኝ ልጆች ውስጥ አባቱን ያጣ አለ። ሐሳባችሁን ስጡኝ፣ ትችትም ቢሆን በደስታ እቀበላለሁ።

የሰኞ ገበያ ልጅ

ይመለስ እንጂ! ልጆች ናቸው እኮ። ሐዘን መች አነሳቸው? ቁስለኛም ሆኖ ቢሆን፣ እጁን አጥቶም ቢሆን ይመለስ። አንድ መጽሐፍ ውስጥ እንኳ የሚመለስ አባት ይኑራቸው። እኔ በበኩሌ ለልጄ የማነብላት ከሆነ አባትየው ካልመጣ መጽሐፉን እዘጋዋለሁ።

እናት ከኮምቦልቻ

እኔ አይመለስ ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልንገርሽ እህቴ።

ጎረቤቴ ያሉ ልጆች አባታቸውን ያጡት በጦርነቱ ጊዜ ነው። ትልልቆቹ ተመካከሩና ለልጆቹ «ለሥራ ሩቅ ሄዷል» ተባለ። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ሁላችንም አንጀታችን ስላልቻለ ነው። ትልቁ ልጅ ግን የሰማው ኳስ ሲጫወት ከተጣላው ልጅ አፍ ነው። ስድብ ሆኖ ነው የደረሰው። ከዚያ በኋላ እናቱ የምትለውን ማመን ተወ፤ ገበያ ሄጄ መጣሁ ስትለው እንኳ ደጅ ቆሞ ይጠብቃታል።

ያንቺ መጽሐፍ ያንን ያሳይ። አባት መሞቱ ብቻ አይደለም ልጅን የሚጎዳው። ቤቱ ሁሉ አውቆ እሱ ብቻ አለማወቁ ነው። ልጅ ደግሞ ያውቃል። እናቱ ወጥ ቤት ገብታ ስታለቅስ ይሰማል፣ ሰው ሲመጣ ወሬ ሲቋረጥ ያያል፣ አያቱ ከወትሮው በላይ ስታቅፈው ይገባዋል። የሚቀረው ስሙን የሚጠራለት ሰው ብቻ ነው። ልጅ ለሚሰማው መጽሐፍ እውነት ተናገሪ፣ ነገር ግን ቶሎ አትለፊው። መርዶውን ተናግረሽ ምዕራፉን ዘግተሽ አትሂጂ። ማግስቱን ጻፊው። በማግስቱም ውሃ ይቀዳል አይደል?

የታሪክ ነገር

መምህርት፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ከሐሳቡ በፊት ግን የቀኖቹ ነገር ይስተካከል፤ ልጆች አንድ ጊዜ የሰሙትን አይረሱም።

ጦርነቱ የተጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ነው። ክተቱም ያኔ ነው የታወጀው። የራስ ሙሉጌታ ጦር በደሴ በኩል አልፎ ወደ ሰሜን ሲሄድ ልጅቷ ልታየው ትችላለች፣ እንዲያውም ይህን ትዕይንት እንዳትዘይው። ንጉሡ ኅዳር ውስጥ ደሴ ገቡ። ድብደባው የተፈጸመው ኅዳር 26 ነው፣ በማግስቱም ተደግሟል። ቤቶች ተቃጥለዋል። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአድቬንቲስቶች ሆስፒታል ሳይቀር ተመቷል። የውጭ ጋዜጠኞችና ፎቶ አንሺዎች ከተማው ውስጥ ስለነበሩ ነገሩ ተሸፍኖ አልቀረም፤ ኢትዮጵያም ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ብላለች።

ማይጨው መጋቢት 22 ነው። ደሴ በጣልያን እጅ የወደቀችው ሚያዝያ 7 ነው። ከማይጨው እስከዚያ ድረስ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ለልብወለድሽ ይህ ትልቅ ነገር ነው፦ የአባትየው ወሬ ሳይደርስ ጠላት ከተማው ገብቷል ማለት ነው። እናትየው ማንን ልትጠይቅ ነው?

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ብዙ ሰው የጣልያን ጦርነት ሲባል የመርዝ ጋዙን ሁሉም ቦታ ይጨምራል። በኅዳሩ የደሴ ድብደባ ላይ አታስገቢው። የወደቀው ፈንጂና የሚያቃጥል ቦምብ ነው። መርዙ በራስ እምሩ ጦር ላይ ተከዜ አካባቢ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው፣ ታኅሣሥ ላይ።

የሆጤዋ መምህርት

@የታሪክ ነገር እግዜር ይስጥልኝ። የሁለት ሳምንቱን ነገር እንደዚህ አስቤው አላውቅም ነበር፣ ሁለት ምዕራፍ ያወጣልኛል።

ንጉሡን በተመለከተ ግን ሐሳብ ስጡኝ። በድብደባው ቀን ንጉሡ ራሳቸው መትረየስ ይዘው አውሮፕላን ሲተኩሱ ፎቶ አለ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ እንደሚያብዱ አውቃለሁ። ላስገባው?

የታሪክ ነገር

አስገቢው፣ ግን በሩቁ። ልጅቷ ከሰው አፍ ትስማው። ንጉሥ አንዴ መድረኩ ላይ ከወጣ እናትየውን የሚያያት አይኖርም። በታሪክ መጻሕፍቶቻችን ላይ የደረሰውም ይኸው ነው፤ መሪው አለ፣ ጦሩ አለ፣ በሶ የፈጨችው ሴት የለችም። መጽሐፍሽ የእሷ ይሁን።

ጦሳ ሥር ያደግሁ

ልጄ፣ ጽሑፍሽን የልጅ ልጄ አነበበልኝ፣ አሁንም እኔ እያልኩ እሱ ነው የሚጽፈው። እድሜዬ ገፍቷል። ጣልያን ሲገባ እኔ አልተወለድኩም፣ ከነጻነት በኋላ ነው የተወለድኩት፤ ግን ያደግሁት በእናቴ ወሬ ነው።

እናቴ ያን ቀን ልጅ ነበረች። የነገረችኝን ልንገርሽ። አውሮፕላን አይታ አታውቅም። ድምፁ ሲሰማ ሰው ሁሉ ሽሽት አይደለም የጀመረው፤ ደጅ ወጥቶ ሽቅብ ማየት ነው የጀመረው። ልጆች እየጠቆሙ ይስቁ ነበር። ይህን አጥብቀሽ ያዢ፤ ሰው የማያውቀውን ነገር አይፈራም። የመጀመሪያው ከወደቀ በኋላ ነው ጩኸት የተነሣው። እናቷ፣ ማለት አያቴ፣ ልጆቿን እየጎተተች ወደ ጦሳ ሥር ወዳለው ፈፋ ገባች። ሲመሽ ተመለሱ። ቤቱ አለ፣ በሩ የለም። አያቴ መጀመሪያ ያደረገችው እሳቱ ጠፍቶ እንደሆነ ማየት ነበር። ፍሙ አመድ ውስጥ ነበር። አውጥታ አፋፋመችው። እናቴ ሁልጊዜ ስትነግረኝ ያቺን ፍም ትጠራ ነበር፣ ቦምቡን ሳይሆን።

ሌሊቱን በሐረጎ በኩል ቁልቁል ወረዱ። ቃሉ የሚባለው አገር የእናቷ ዘመዶች ነበሩ፣ እስላሞች ናቸው። እኛ ደጋ ላይ ገብስና ስንዴ የለመድን ነን፤ እዚያ ማሽላ ነው። «የማሽላ እንጀራ አልበላም ብዬ አለቀስኩ፣ አክስቴ በወተት አድርጋ አጎረሰችኝ» ትል ነበር። አንቺም ልጅቷን ታስለቅሺያት እንደሆነ በማሽላው አስለቅሻት። ልጅ በትልቁ ነገር አያለቅስም፣ በትንሹ ነው።

የሆጤዋ መምህርት

አባባ፣ እድሜዎትን ያርዝመው። የፍሟንም የማሽላውንም ነገር ልጠቀምበት ይፈቅዱልኛል? ሌላም የሚያስታውሱት ካለ ቤትዎ መጥቼ ብሰማዎት ደስ ይለኛል፣ የልጅ ልጅዎ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ጦሳ ሥር ያደግሁ

ነይ፣ ቡና አይታጣም። ወሬውም የሁላችን ነው፣ ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል። በርቺ።

ሐረጎ

ሁላችሁም እያደነቃችሁ ስለሆነ እኔ የተለየ ልናገር። መምህርት፣ አትቀየሚኝ። ልጆቹ የኖሩትን ጦርነት ትተሽ የቅድመ አያቶቻቸውን የምትጽፊው ለምንድን ነው? ጣልያንን መጻፍ ቀላል ነው። ነጭ ነው፣ ሩቅ አገር ነው የመጣው፣ ማንም አይከፋብሽም። ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ድረስ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የሆነውን ማን ይጻፍ? እኔ ያን ጊዜ ከወንድሞቼ ጋር በእግር ከሚሴ ድረስ ሄጃለሁ። ፍራሽ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው፣ አሮጊት በጋሪ፣ ስልኩ ሁሉ ዝም። ባንክ ተዘግቶ ገንዘብ እያለው የሚራብ ሰው። የዩኒቨርሲቲውና የሆስፒታሉ ዕቃ ሳይቀር ተዘረፈ። ከደሴ ሙዚየም ስንት ቅርስ ሄደ። ይህን የሚነግር የልጆች መጽሐፍ ከሌለ ልጆቹ የሚማሩት ከቲክቶክ ነው። እዚያ ደግሞ ስድብ እንጂ ታሪክ የለም።

እናት ከኮምቦልቻ

ሐረጎ ልክ ነው። እኔም ቤቴን ዘግቼ ልጆቼን ይዤ ተቀምጬ ያሳለፍኩት ነገር ተረት ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም።

የሆጤዋ መምህርት

@ሐረጎ ለምን እቀየምሃለሁ ወንድሜ። ብዙ ያሰብኩበት ጥያቄ ነው።

ፈርቼ አይደለም። መጽሐፉ ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ የሚነበብ ነው። እኔ ሳነብ ስልሳ ልጅ አንድ ላይ ነው የሚሰማው። ከእነዚያ መካከል እናቱ ትግራይ ተወልዳ ያደገች ልጅ አለ። ደሴ ነው የተወለደው፣ አነጋገሩም ወሎዬ ነው፣ ግን ስለዚያ ጦርነት በተነሣ ቁጥር አንገቱን ሲደፋ አየዋለሁ። እሱ ምንም ያደረገው ነገር የለም። የማነበው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እሱ ላይ እንዳያርፍ አድርጌ መጻፍ እችላለሁ ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ፣ ዛሬ አልችልም ነው መልሴ። ያልጠገገ ነገር ነው። አንድ ቃል ሳትጠነቀቅ ብታስገባ ሌሎቹ ልጆች ዞረው ያዩታል።

የ1928ቱን ሳነብ ግን እሱም እጁን ያወጣል። እናቱ በስልክ ዘመዶቿን ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደሞከረች፣ ኔትወርክ እንዳልነበረ እሱም ተናግሯል፤ ልጆቹም ዝም ብለው ሰሙት። ይህን ያደረገው ርቀቱ ነው። ልጆች በቀጥታ ሲጠየቁ የማይሉትን፣ የሌላ ሰው ታሪክ መካከል ሲገኝ ይሉታል።

የ2014ቱም ይጻፍ። የኖርከው አንተ ነህና አንተ ብትጽፈውስ?

ሐረጎ

የልጁን ነገር ስትነግሪኝ አሰብኩ። ግን አሁንም ከአቋሜ አልወርድም። እንዲያውም የ2014ቱ መጽሐፍ ውስጥ መኖር ያለበት እሱ ነው። ደሴ ተወልዶ፣ እናቱ ከዚያ፣ ጎረቤቱ ከዚህ። ጥይቱ ሲጮህ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ሁሉም አብረው የተደበቁበት ግቢ አውቃለሁ እኔ። ጎረቤት ጎረቤቱን የደበቀበት ብዙ ነው፤ ማንም አይጽፈውም እንጂ። በጣም ቆይተን ከጻፍነው እንደ 1928ቱ ሰው ከሰው አፍ የሰማነውን ነው የምንጽፈው።

ለመጻፍ ደግሞ... እሞክራለሁ። ስለ መንገዱ ብቻ። ከደሴ ከሚሴ።

የወረኢሉ ሰው

@ሐረጎ ጻፈው በናትህ። እኔ አነባለሁ።

መምህርት፣ እኔ የማነሣው ስለ ጣልያን ዘመን ነው። ጣልያን ገብቶ አምስት ዓመት ተቀምጧል። የአንቺ ቤተሰብ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምን በላ? ሁሉም ሰው ዱር ገብቶ አርበኛ አልሆነም። መንገድ ሲሠራ ጉልበቱን ሸጦ ልጁን ያበላ ብዙ ነው። የአሰቡ መንገድ የተሠራው በዚያን ጊዜ ነው፣ ኮምቦልቻም እንዲህ የሰፋችው በመንገዶቹ መገናኛነት ነው። የልጅቷ አጎት ለምሳሌ ድንጋይ ፈልጦ ቢያበላቸውስ? ሰፈሩ ባንዳ ብሎ ቢሰድበውስ? ልጅቷ የሚያበላትን አጎቷን ትጠላው ወይስ ትውደደው? ለልጆች ይከብዳል የሚል ካለ፣ ልጆች ከዚህ የባሰ ነገር በየቀኑ ያስባሉ። የእኔ ልጅ «ሌባ ልጅ ቢኖረው ልጁ ምን ይበላል?» ብላ ጠይቃኛለች።

የሰኞ ገበያ ልጅ

ባንዳን ማራራት ግን እኔ አልወድም። ሰው የሞተበት ነገር ነው። ድንጋይ መፍለጥና ወገንን መጠቆም አንድ ተደርጎ እንዳይጻፍ።

የወረኢሉ ሰው

አንድ አይደሉማ! እኔም የምለው ይኸንኑ ነው። ልጆች ልዩነቱን እንዲያዩ ሁለቱም መጽሐፉ ውስጥ ይኑሩ። የጠቆመም ይኑር፣ ድንጋይ የፈለጠም ይኑር። ስድቡ ግን በሁለቱም ላይ እኩል ሲወርድ ልጅቷ ትስማ። ፍርዱን አንባቢው ልጅ ይስጥ፣ መምህርቷ አትስጥለት።

የሆጤዋ መምህርት

አጎትየውን ወሰድኩት። እስካሁን በቤቱ ውስጥ ከአባትየው ሌላ ወንድ አልነበረም፣ የሆነ ነገር ጎድሎኝ ነበር።

ፒያሳ ፎቶ ኮፒ

እኔ ስለ ይዘቱ የምለው የለኝም፣ ሙያዬ ሕትመት ነው። ግን የልጆች መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እኛ ጋ ስለሆነ ጥቂት ልበል። ፊደሉን አታሳንሺ። ብዙ ሰው ገጽ ለመቆጠብ ብሎ ፊደል ያሳንሳል፣ የአራተኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ገና እየፈደለ ነው የሚያነበው፤ መስመር ይጠፋበታል። በመስመሮች መካከል ቦታ ተዪ። ምዕራፉ አጭር ይሁን፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ። ሥዕል በቀለም ካልሆነ አይባልም፤ በጥቁር እስክሪብቶ የተሣለ ሥዕል ፎቶ ኮፒ ላይ በጣም ጥሩ ነው የሚወጣው። በእርሳስ ከተሣለ ግን ይጠፋል። ከልጆቹ አንዱ ይሣለው። መጀመሪያ ጥቂት ቅጂ ብቻ አውጥተሽ ሞክሪ፣ ልጆቹ የሰለቹበትን ገጽ አስተካክለሽ ከዚያ ማተሚያ ቤት ሂጂ።

እናት ከኮምቦልቻ

የልጅቷ ስም ማነው ግን? እስካሁን «ልጅቷ» እያልን ነው።

የሆጤዋ መምህርት

አልወሰንኩም። አባቷ ክርስቲያን ነው፣ የእናቷ ወገን እስላም ነው፤ አባባ እንደነገሩን ዓይነት ቤት። የሁለቱንም ወገን አያቶች የማያስኮርፍ ስም እፈልጋለሁ።

የታሪክ ነገር

የሺ በያት። የንጉሡ እናት ወይዘሮ የሺእመቤት አሊ አይደሉ? አባታቸው የወሎ ሰው ናቸው። አያትየው ንጉሡ ደሴ ገቡ ሲባል «የኛዋ የሺ ልጅ መጣ» ብላ ለልጅ ልጇ ትንገራት። ንጉሡ በዚያች ዓረፍተ ነገር ገብተው ይውጡ፣ ሌላ ቦታ አያስፈልጋቸውም።

ጦሳ ሥር ያደግሁ

የሺ ጥሩ ነው። እኛ ሰፈር ብዙ የሺ ነበረች፣ የአሕመድም ልጅ የገብሬም ልጅ።

የሆጤዋ መምህርት

የሺ ሆናለች እንግዲህ! ነገ ለክፍሉ እነግራቸዋለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። የሁላችሁንም ካነበብኩ በኋላ ያሰብኩትን ልንገራችሁና ፍረዱ።

አባትየው አይመለስም። @የሰኞ ገበያ ልጅ፣ ሐሳብሽን ሳልንቅ ነው። የሚመለስ አባትም መጽሐፉ ውስጥ ይኑር ብዬ የጎረቤት አባት እመልሳለሁ። የጎረቤቷ ልጅ ጓደኛዋ ናት፤ የእሷ አባት እጁን ቆስሎ መጣ፣ የየሺ አልመጣም። ሁለቱ ልጆች ከዚያ በኋላ እንዴት አብረው ይጫወታሉ? አንዷ ደስታዋን ትደብቃለች፣ ሌላዋ ቅናቷን ትደብቃለች። ክፍሌ ውስጥ እንደዚህ ያሉ ልጆች አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ።

ወሬውን ይዞ የሚመጣውም እሱ ነው፣ የጓደኛዋ አባት። አባቷን ማይጨው ላይ ያየው እሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ሰምተው፣ እንደ ወጉ ጠዋት ማለዳ መጥተው ለእናትየው ሊያረዱ ተመካከሩ። ልጆቹ ግን ጎረቤት ይውሰዷቸው፣ አይስሙ ተባለ። እዚህ ላይ ነው አያትየው እምቢ የምትለው። የሞተው የእሷ ልጅ ነው። ለእሷ ማንም ሳይነግራት ከሽማግሌዎቹ አመጣጥ አውቃዋለች። ሌሊቱን የሺን ቀስቅሳ እሳት ዳር ታስቀምጣትና ራሷ ትነግራታለች። «ነገ ሰው ሲጮህ እንዳትደነግጪ ዛሬ ልንገርሽ» ብላ።

ከዚያ ማግስቱን እጽፋለሁ፣ እናት ከኮምቦልቻ እንዳልሽው። እናትየው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ተቀምጣለች፣ የእናትየው ወንድሞች ከቃሉ መጥተው ዱዓ ያደርጋሉ፣ የአባትየው ወገን ቄስ ጠርቷል፣ ውሃ የሚቀዳ ሰው ጠፋ። የሺና ጓደኛዋ እንስራ ይዘው ይወርዳሉ።

ይከብዳል?

እናት ከኮምቦልቻ

አይከብድም። አያትየዋ ትናገር ማለትሽ ልቤን አረካው። እኛ ሰፈር አንዲት እንደዚህ ያለች አያት ብትኖር ኖሮ ያ ልጅ...

አንድ ነገር ብቻ። የሺ ወዲያው አታልቅስ። ልጅ ወዲያው አያለቅስም። ሌላ ነገር ይጠይቃል። «ታዲያ የእሱን ጋቢ ማን ይለብሰዋል?» ትበል። ወይም እንደዚህ ያለ። ትልልቅ ሰው ልጁ አልገባውም ይላል፤ ገብቶታል።

የሰኞ ገበያ ልጅ

የጎረቤት አባት መመለሱን ካስገባሽ እኔ መጽሐፉን አልዘጋም። እንዲያውም ከሁለቱ ልጆች የማየው የኔን ልጅ ይመስለኛል፣ የሷ አባት ተመልሷልና። ጓደኛዋን ምን ብላ እንደምታናግራት ተጨንቃ ስትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም።

የታሪክ ነገር

መጨረሻው የት ላይ ነው? ነጻነት ላይ ከሆነ፣ ደሴ ነጻ የወጣችው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከባድ ውጊያ ተደርጎ የደቡብ አፍሪካ ጦር ነው የገባው፣ አርበኞችም አብረው ነበሩ። የሺ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ልጅ አይደለችም።

የሆጤዋ መምህርት

እዚያ ድረስ አልሄድም። ጣልያን ገና ከተማው ውስጥ እያለ ነው የሚያልቀው። ልጆቼም ቢሆን ያለፈላቸው ነገር የለም፤ አንዱ ጦርነት ሲያልቅ ሌላ ችግር ይሰማሉ። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ ብጨርስ አያምኑኝም። የሺ ግን ታናሽ ወንድሟን ፊደል ታስቆጥራለች፣ አጎቷ መንገድ ሥራው ላይ ነው፣ እናትየው ጠላ መሸጥ ጀምራለች። ኑሮ ይዘዋል። እዚያ ላይ አቆማለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። በዚያን ዘመን ማታ ቤት ውስጥ የሚበራው ምን ነበር? ኩራዝ ብዬ ጽፌያለሁ።

ጦሳ ሥር ያደግሁ

ያለው ሰው ፋኖስ ነበረው። ኩራዝም ገባ ካለው ቤት ነው፣ ጋዝ ይገዛል። እንደነሱ ያለ ቤት ግን አብዛኛውን በምድጃው እሳት ነበር የሚያመሸው ይሉኝ ነበር። ጦርነት ሲሆን ደግሞ ጋዝ ከየት ይመጣል? ምድጃ አድርጊው። ለአያትየዋም የሚሻለው እሱ ነው፣ ፊቷ ሙሉ በሙሉ አይታይም።

የሆጤዋ መምህርት

ምድጃ አደረግሁት አባባ።

እናት ከኮምቦልቻ

መምህርት፣ የመርዶውን ምዕራፍ ስትጨርሺ ለእኔም ላኪልኝ። የእኔ እህት ኮምቦልቻ ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች፣ ለልጆቿ አንብባ ያሉትን እጽፍልሻለሁ። ያ የጎረቤቴ ልጅም እዚያው ክፍል ነው። እናቱን አስፈቅጄ ነው የምናነብለት።

የሆጤዋ መምህርት

እናቱን ማስፈቀድሽ ጥሩ ነው። እንዲያውም መጀመሪያ እሷ ብቻዋን ታንብበው፣ የማይሆን ቦታ ካለ ትንገረኝና እቀይረዋለሁ። በቴሌግራም እልክልሻለሁ፣ አድራሻሽን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። @ሐረጎ አንተም የመንገዱን ስትጀምር እዚሁ ለጥፈው፣ መጀመሪያ ገጹ ቢሆንም።

ሐረጎ

ግማሽ ገጽ አለኝ። ከሐርቡ በፊት ያረፍንበት ዛፍ ጋ ደርሻለሁ። ማታ እለጥፈዋለሁ።